ውለታ ስላለበት ሣሩን ያላጨደው ሰው

አንድ መስታወት ቆራጭ በድሬዳዋ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ዳምጠው ይባላል። እጁ ወርቅ፣ ልቡ ቅቤ፣ ጭንቅላቱ ግን ድንጋይ ነበር፤ አንዴ «አይሆንም» ካለ ባቡር ቢጎትተው ንቅንቅ አይልም። ይህን የምነግራችሁ ላማው ብዬ አይደለም። ሰውየው ደግ ነበር። እንዲያውም የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከደግነቱ ነው።

ዳምጠው ትርሲት የምትባል ሚስት አለችው። ከዓመታት በፊት ትልቅ የሱቅ መስታወት ሲገጥም ተሰብሮበት ቀኝ ክንዱን ክፉኛ ስለቆረጠው ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በነዚያ ሁለት ዓመታት ትርሲት በየማለዳው ሳምቡሳ እየጠበሰች ሸጠች፣ ቤቱን ቀጥ አድርጋ ያዘች፣ የእሱንም ክንድ በየቀኑ እያሸች ወደ ሥራው መለሰችው። አንድ ቀን እንኳ «ደከመኝ» አላለችም። ዳምጠው ይህን አልረሳም። ያገኘውን ሰው ሁሉ «እኔ እኮ በትርሲት የቆምኩ ሰው ነኝ» ይል ነበር፤ ባይጠይቁትም ይናገራል።

ቀን ጎደለና ትርሲት ደረጃ ላይ ወደቀች። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ታከመች፣ አጥንቷም ገጠመ። ሐኪሙ ዳምጠውን ለብቻው ጠርቶ እንዲህ አለው፦ «አጥንቷ ድኗል። ከእንግዲህ መድኃኒቷ መራመድ ነው። ቢያማትም በየቀኑ ትነሳ፣ ትቁም፣ ትሞክር። ዝም ብላ ከተኛች እግሯ እየሰለለ ይሄድና እዚያው ትቀራለች።»

ዳምጠው «እሺ» ብሎ ወጣ። ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ትርሲት ለመነሳት ስትሞክር ሕመሙ ፊቷን ሲያጨማድደው አየ። «ተይው! ተኚ!» አላት። «ያኔ አንቺ እኔን ተሸክመሽ የለም እንዴ? አሁን ተራው የኔ ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ ጣትሽን አታነሺም!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ያጎርሳታል፣ ያጠጣታል፣ ፀጉሯን ያበጥርላታል። ጎረቤታቸው ፈቲያ መጥታ «እስቲ ላግዝህ፣ ግራና ቀኝ ደግፈን ግቢ ድረስ እናውጣት» ስትለው «አቦ ተይኝ ፈቲያ! ያንቺን ውለታ ደግሞ በምን ትከሻዬ እችለዋለሁ?» ብሎ ይመልሳታል። ትርሲት መጀመሪያ መጀመሪያ ትከራከረው ነበር። በኋላ ተወችው። ከሚወዱት ሰው ጋር መከራከር ያደክማል።

ትርሲት ያደገችው አሰብ ነው፤ አባቷ ወደብ ላይ ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ከተኛችበት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ዳምጤ፣ ባሕር አማረኝ» አለችው። ይህን የሰማ ዳምጠው ዝም ብሎ ይቀመጣል? የት አባቱ! ወፍራም መስታወት ቆርጦ፣ በሲሊኮን አጣብቆ፣ ከአልጋዋ ፊት ለፊት አንድ ሰው ሊታጠብበት የሚችል ገንዳ ሠራላት። ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልስ ሮብሌ የሚባል ሹፌር ወዳጅ ነበረው። ሮብሌ በጀሪካን የባሕር ውሃ፣ በፌስታል የባሕር ዓሣ እያመጣለት ገንዳው ሞላ። ሰባት ዓሣ። ሰማያዊ አለ፣ ብጫ አለ፣ አንዱማ እንደ ሜዳ አህያ ባለመስመር ነው። ትርሲት የመጀመሪያው ዓሣ ፌስታሉ ውስጥ ሲገላበጥ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ዳምጠው ያንን ሳቅ ከሰማ ወራት አልፈው ነበር።

ደስታው ግን ወር አልሞላም። ዓሣ ይበላል፣ የበላውንም እዚያው ይጥላል። ባሕር ሰፊ ስለሆነ ይችለዋል፤ የመስታወት ገንዳ ግን የት ያድርሰው? ውሃው ከበደ፣ መስታወቱ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ተለጠፈ፣ ዓሣዎቹም አንድ በአንድ መሞት ጀመሩ። ዳምጠው ውሃ ቢለውጥ፣ ቢያጣራ፣ መስታወቱን ቢፈገፍግ ወይ ፍንክች። ሰባቱ አራት ሆኑ፣ አራቱም ሁለት። ብጫውና ባለመስመሩ ብቻ ቀሩ። ክፋቱ፣ አንድ ዓሣ በሞተ ቁጥር ትርሲት ምግብ እየቀነሰች መጣች። «በሞቴ፣ በሞቴ አንድ ጉርሻ» ብሎ ሲለምናት ፊቷን ታዞርበታለች። አንድ ጠዋት «ምን ያድርጉ፣ እነሱም እንደኔ ተዘግቶባቸው ነው» አለችው። ዳምጠው ጓሮ ወጥቶ አለቀሰ። ነገሩ የዓሣ መሆኑ ቀርቶ ሚስቱ ከእጁ እያመለጠች ነበር።

ሮብሌ በቀጣዩ ጉዞው ከጀሪካኖቹ ሌላ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ጠርሙሱ ውስጥ እፍኝ የማትሞላ አረንጓዴ ነገር ተጠቅልላለች።

«ጋሼ፣ ይህችን የሰጡኝ ጅቡቲ ወደብ ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ያንተን ነገር ብነግራቸው ሳቁብኝ» አለው። የድሬ ልጅ ጋሼ ቢልህም አንቱታ አይሆንለትም።

«በኔ መከራ ምን አሳቃቸው?»

«‹ሰውየው ባሕሩን ወሰደና ሣሩን ተወው እንዴ?› አሉኝ። ይኸው ሣሩ። ምሁራኑ አልጌ ይሉታል። የዓሣውን ቆሻሻ ከውሃው ውስጥ እየሳበ ቅጠል የሚያደርገው እሱ ነው። ግን ገንዳው ውስጥ እንዳትጨምረው፣ ብጫው ዓሣ በአንድ ቀን ጠርጎ ይበላዋል። ለብቻው መጠለያ ሥራለት፤ ውሃቸው ይገናኝ፣ እነሱ አይገናኙ። መብራትም አብራለት።»

«ይኸው ነው?»

«አንድ ነገር ቀረ። ሣሩ ሲበዛ በየሁለት ሳምንቱ እፍኝ እፍኝ እየቆረጥክ አውጣለት ብለዋል። ካልቀነስክለት ታፍኖ ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ የበላውን ቆሻሻ ሁሉ መልሶ ውሃው ላይ ይተፋዋል።»

ዳምጠው የመጨረሻውን አልሰማም ማለት ይቻላል፤ እጁ መጋዝ ፍለጋ ሄዷል። ባዶ ብጫ ጀሪካን አንስቶ ጎኑን ከፈተውና ከገንዳው ሥር አጋደመው። ታች አሸዋና ጠጠር አነጠፈ። ከገንዳው አፍ የሚተርፈው ውሃ በቀጭን ጎማ ወደ ጀሪካኑ ይወርዳል፤ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ደግሞ መልሳ ወደ ላይ ትገፋዋለች። ሣሩን እንዳይንሳፈፍ በድንጋይ ጫን አድርጎ ተከለው፣ ከላይ አምፖል አንጠለጠለ፣ አለቀ። ፈቲያ በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ስታይ ቆየችና «አይ ዳምጠው! ለሣር ቪላ ሠራህለት?» ብላ አሾፈችበት።

ሣሩ ግን ሹፈቱን አፏ ላይ አስቀረው። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ሐረግ አሸዋው ላይ ተሳበ፣ በአራተኛው ሳምንት ጀሪካኑን ሞላው። ውሃው እየጠራ፣ እየጠራ ሄዶ መስታወቱ ያለ አይመስልም ነበር። ብጫው ዓሣ ብጫነቱ ተመለሰ። ትርሲትም አንድ ቀን ራሷ «ዛሬ ምን ተሠርቷል?» ብላ ጠየቀች። ዳምጠው በደስታ ወጡን ምድጃ ላይ ረስቶ አሳረረው፤ የእግዜር ነገር፣ ያረረውንም አብረው በሉት።

ከዚያ በኋላ የሰውየው ሥራ ምስጋና ሆነ። ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ሳይታጠብ ጀሪካኑ አጠገብ ቁጢጥ ይላል። «እንደምን አደርክ ጌታዬ? ተመስገን። አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» ይለዋል። ትርሲት ከአልጋዋ ሆና ትስቅበታለች። እሱ ግን ከልቡ ነው።

ሮብሌ በመጣ ጊዜ ጀሪካኑን ጎንበስ ብሎ አየና ደነገጠ። «ጋሼ፣ ጢም ብሏል እኮ! አልቀነስክለትም እንዴ?»

«ምን አልክ?»

«በመቀስ ቀንስለት ነው የምልህ።»

ዳምጠው ቀና ብሎ አየው። «የሚስቴን ነፍስ የመለሰልኝን ፍጡር በመቀስ ልቁረጥ? ወጪት ሰባሪ ነኝ እንዴ ሮብሌ?»

«ጋሼ፣ ሣር እኮ ነው!»

«ላንተ ሣር ነው።»

ሮብሌ «አቦ እንደ ፍጥርጥርህ» ብሎ ሄደ። ፈቲያም «ለፍየሌ አንድ እፍኝ ስጠኝ» ብትለው «ለፍየል!» ብሎ ጮኸባት፤ ለሁለት ቀን አኮረፋት። ሣሩ ላይ ማንም እጁን እንዳያሳርፍ ጀሪካኑን በጨርቅ ከለለው፤ የሚገልጠው ለሰላምታ ብቻ ነበር።

ማርም ሲበዛ ይመራል። ጀሪካኑ ውስጥ የላዩ ሣር የታቹን ጋረደው፣ ብርሃን ያጣው ታችኛው መበስበስ ጀመረ። ዳምጠው የሚያየው የላዩን አረንጓዴ ስለሆነ በየጠዋቱ ያመሰግናል፤ ከሥር ግን ነገር ተበላሽቷል። አንድ ጠዋት ትርሲት «ዳምጤ! ዳምጤ ድረስ!» ስትል ጮኸች። ዳምጠው ከግቢ ሮጦ ሲገባ ገንዳው እንደ ወተት ነጥቷል። ሁለቱ ዓሣዎች አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ያጣጥራሉ። ጨርቁን ገለጠ። ሣሩ እንደ ተቀቀለ ጎመን ለዝቧል፣ አብዛኛው ነጭ ሆኗል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል።

«አልነካሁትም እኮ!» አለ ዳምጠው፣ ተንበርክኮ። «ትርሲት ሙች፣ አንዲት ቅጠል አልበጠስኩበትም! ምን በደልኩት?»

«አለመንካትህ ነዋ የገደለው!» አለችው ትርሲት። «ሮብሌ ሲነግርህ ከዚህ አልጋ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። የዓሣዎቹን ቆሻሻ እየበላ አደገልህ። የበላውን የት ያድርገው? አንተ አላወጣህለትም።»

«ስለማመሰግነው እኮ ነው!»

ትርሲት ቀስ ብላ ተናገረች።

«አውቃለሁ ዳምጤ። እኔንም ስለምታመሰግነኝ ነው ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ያስተኛኸኝ።»

ዳምጠው ከዚያ በፊት መስታወት ቆርጦታል፤ እንዲህ ግን አልቆረጠውም። ሐኪሙ የነገረው ሁሉ አንድ በአንድ ጆሮው ላይ መጣ። ያበጠራትን ፀጉር፣ ያጎረሳትን ጉርሻ፣ «ተኚ» ያላትን «ተኚ» ሁሉ አስታወሰ። እግሯን አየ። ብርድ ልብሱ ሥር ያለ አይመስልም።

«አሁን ጊዜ የለም» አለች ትርሲት። «ጠርዙ ላይ ገና አረንጓዴ ይታየኛል። መቀሱን አምጣና የሞተውን ቁረጠው፣ አረንጓዴውን አትርፈው።»

መቀሱን አመጣ። ጀሪካኑ ላይ ጎንበስ አለ። የሞተው ከቀረው ጋር ተጠላልፏል፤ ያንን ያመሰገነውን ቅጠል ሳይቆርጥ ይህን ማውጣት አይቻልም። «አልችልም» አለ፤ እንባው ጀሪካኑ ውስጥ ጠብ አለ።

«እንግዲያው ወዲህ በለው፣ እኔ እቆርጠዋለሁ።»

«አንቺ? እንዴት ሆነሽ?»

«ሌላ ማን አለ? ዓሣዎቹ እያለቁ ነው!» ብርድ ልብሱን ገፍፋ እግሮቿን ወደ መሬት አወረደች። ዳምጠው ሊይዛት ተወረወረ። «ተይ! በሞቴ ተይ፣ ትወድቂያለሽ!»

ትርሲት እጇን ዘርግታ አቆመችው። «እጅህን ሰብስብ። ስወድቅ ያዘኝ። ሳልወድቅ ግን አትያዘኝ።»

በሕይወቱ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ታዝዞ አያውቅም። ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆመ። ትርሲት የአልጋውን ራስጌ ጨብጣ ተነሳች። ፊቷ ተጨማደደ፣ ላብ አጠመቃት፣ ጥርሷን ነከሰች። አንድ እርምጃ። ቆመች። ሁለተኛ። በሦስተኛው ተንገዳገደች፤ ዳምጠው «ወይኔ» አለ፣ እጁን ግን አላነሳም። በአምስተኛው ጀሪካኑ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለችና መቀሱን ከእጁ ወሰደች። ከዚያማ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ አድርጋ ትቆርጠው ጀመር። የነጣውን ለዳምጠው ታቀብለዋለች፣ እሱ በሳፋ ይዞ ይወጣል።

ዳምጠው በሦስተኛው ምልልሱ አጥሩ ጋ ቆመ። ለአፍታ አመነታ። ከዚያ «ፈቲያ! እባክሽ ድረሽልኝ!» ብሎ ተጣራ። ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ የማታውቀው ፈቲያ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ትርሲትን በርጩማ ላይ አየቻትና በጉልበቷ ተንበርክካ እልል አለች። «ኋላ ትይልኛለሽ፣ አሁን ውሃውን አግዢኝ!» አለቻት ትርሲት። ግቢ የተቀመጠውን የሁለት ጀሪካን ንጹሕ የባሕር ውሃ ተሸክመው ገቡ፤ የተበላሸውን እየቀዱ ደፉ፣ ንጹሑን ሞሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብጫው ዓሣ አልተረፈም። ትርሲት አለቀሰችለት። ባለመስመሩ ግን ከሰዓት በኋላ ወደ ታች ወርዶ መዋኘት ጀመረ። ከዚያ ሁሉ ሣር የቀረው አንድ እፍኝ የማይሞላ ነበር፤ ልክ ሮብሌ በጠርሙስ ያመጣውን ያህል። ትርሲት እህል ሲቀርብላት ማንኪያውን ከዳምጠው እጅ ወስዳ ራሷ በላች። ስትጨርስ «ነገ ደግሞ እስከ በሩ እሄዳለሁ» አለች።

ሄደችም። በየቀኑ ጠዋት ፈቲያ በግራ፣ ዳምጠው በቀኝ ሆነው ግቢውን ያዞሯታል። ፈቲያ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማህም ነበር ወይ?» እያለች ታበሽቀዋለች፤ እሱም «ሰምቼ ነበር፣ የኔ ሸክም ሎሚ ስላልመሰለኝ ነው» ይላል። ሣሩ መልሶ አደገ፤ በየሁለት ሳምንቱ ትርሲት በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታጭደዋለች። ከታጨደው ትንሹ ሮብሌ አዲስ ላመጣቸው ዓሣዎች ምግብ ይሆናል። ሌላው ጨዉ በደንብ ታጥቦለት ለፈቲያ ፍየል ይሰጣል፤ ያቺ ፍየል እንደሆነ የሰጧትን አትመርጥም። የቀረው ፓፓያው ሥር ይቀበራል። አንድ ጊዜም ሮብሌ በጠርሙስ ይዞት ሄዶ፣ መንገድ ላይ ገንዳው ለተበላሸበት ሰው አደረሰለት። የሚገርመው፣ በተቀነሰ ቁጥር ሣሩ የበለጠ ይለመልማል፣ ውሃውም የበለጠ ይጠራል።

ዳምጠው አሁንም ምስጋናውን አልተወም። አንድ ቀን ከሥራ ደክሞት ገብቶ ወንበር ላይ አረፍ ሲል ትርሲት አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ማንም አልደገፋትም። እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ። የድሮው ዳምጠው ቢሆን ዘሎ ይነጥቃት ነበር። የአሁኑ ከተቀመጠበት አልተነሳም። እሷ እስክትደርስ ጠበቀ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ የቀረችውን ውሃ እስከ ጠብታዋ ጠጣ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ትርሲት ይህን ቃል ከእሱ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ያን ቀን ግን ደስ ብሏት ተቀበለችው።

ወዳጆቼ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ውለታን አለመርሳት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ውለታ የዋለልንን ሰው እንደ ዕቃ ሸፍነን ብናስቀምጠው ያው እየገደልነው ነው። የተደረገልን በጎ ነገር ከእኛ አልፎ ለሌላው ካልደረሰ እጃችን ላይ ይበሰብሳል። የምንወደው ሰውም እኛን ሊጠቅም፣ ሊሰጥ፣ ሊደክም፣ ሊወድቅና ሊነሳ ካልፈቀድንለት እግሩ ይሰልላል። ማመስገን ማለት መስጠት ብቻ አይደለም፤ እጅን ሰብስቦ፣ ቁጭ ብሎ መቀበልም ምስጋና ነው።

ይህን ካነበባችሁ በኋላ ለምትወዱት ሰው ንገሩት። ከዚያ በፊት ግን እስቲ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ ተመልከቱ፦ በፍቅራችሁ ብዛት ያስተኛችሁት ማን አለ?